ሁለቱ በሮች አብረው አይከፈቱም

ጥቅምት 9፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ደ/ማርቆስ

ባክቴሪያ የዘራሁበትን ሳህን ከማስተምርበት ላቦራቶሪ ማሞቂያ አወጣሁት። የአባባ የሽንት ናሙና ነው። መድኃኒቱ በተነከረበት ክብ ወረቀት ዙሪያ ባዶ መሆን ነበረበት። ባክቴሪያው እስከ ጠርዙ በቅሏል። ማስታወሻዬ፣ ፈራሁ። ኩላሊታቸው ጋ ከደረሰስ?

9 ሰዓት። ለተማሪዎቼ ስዘጋጅ ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚያስወጣበትን ፓምፕ በቪዲዮ አየሁት። በባክቴሪያው ሽፋን ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው። ወደ ውስጥ ይከፈታል፣ መድኃኒቱን ይይዛል፣ ይታጠፋል። የውስጡ በር ይዘጋል፣ የውጩ ይከፈታል። መድኃኒቱ ተጣለ። ሁለቱ በሮች አብረው አይከፈቱም፤ ቢከፈቱ ባክቴሪያው ራሱ ያልቅለታል። እጅ የለው፣ ዓይን የለው። ደግሜ አየሁት። አባቴን የሚጎዳ ነገር እንዴት እንዲህ ያምራል? ደግሞ አፈርኩ።

ጥቅምት 11፣ ደ/ወርቅ

አባባ ሰሞነኛ ናቸው፤ የዚህ ሳምንት ቅዳሴ የሳቸው ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠበቅኋቸው። ግንባራቸው እሳት። ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ኪኒን ያሳዩኝ አልኩ። ግማሹ አለ! የማታውን ብቻ ነው የሚውጡት። ጠዋት ውሃ በአፋቸው ከዞረ መቀደስ የለም። ሐኪሙ አልጠየቀም፣ እሳቸውም አልነገሩት። በግማሽ መድኃኒት ደካማው ባክቴሪያ ሞተ፣ ፓምፑ የበረታለት ተረፈና ተራባ።

ጮህኩባቸው። በቄስ ላይ፣ በአባቴ ላይ። አለቀስኩ። ከዚያ ቪዲዮውን በስልኬ ከፈትኩላቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ድገሚው አሉ። በሩን ማን ነው የሚዘጋለት ብለው ጠየቁኝ። ማንም፣ ቅርጹ ራሱ ነው የሚታጠፈው አልኳቸው። አማተቡ። ፈጣሪ ለዚህች ለማትታየውም እንዲህ ተጨንቆ ሠራላት ማለት ነው አሉ። እኔም ስንት ዓመት አስተምሬው እንዲህ አላየሁትም ነበር።

ጥቅምት 12፣ ማለዳ

ዶ/ሩ ደወለ። ሌላ መድኃኒት፣ በመርፌ፣ ደ/ማርቆስ ሆስፒታል ተኝተው። ከአሁኑ ጀምሮ ውሃ በብዛት ይጠጡ አለ። ነገርኳቸው። ቄስ ከሆኑ ጀምሮ ሰሞናቸውን ትተው አያውቁም። አልለመንኳቸውም።

ተለዋጩን ቄስ አስጠሩ፣ እንዲቀድስላቸው ተነጋገሩ። ከዚያ ገብተው ተቀመጡ። የቅዳሴው ደወል ተሰማ። የውሃውን ኩባያ አንስተው ባረኩት። እስከ መጨረሻው ጠጡት።

ባዶውን ኩባያ ሰጡኝና ለመንገዱ ጫማቸውን ጠየቁኝ።