ከመርዶ የቀደመ መልእክት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

ዛሬም አሥራ አንድ ሰው የዕድራችን የስልክ ግሩፕ ውስጥ አስገባሁ። ጣቴ ደነዘዘ። ለቡታጅራ ሰው ስልኩን ለሌላ እጅ መስጠት ጥርሱን ነቅሎ የመስጠት ያህል ነው። ግን የዕድሩ ጸሐፊ ነኝና ይሰጡኛል፤ የልብስ ዋጋ፣ የአማት ነገር፣ የጎረቤት ሐሜት ይመረቅልኛል።

መጨረሻ ላይ ወ/ሮ አስካለ ዘንድ። ገበያው ጫፍ ያለችው ጨርቅ ሻጭ። ሆዷ ከባንኮኒው ቀድሞ ተቀበለኝ። ሰባት ወር! ከስንት ዓመት ስለት በኋላ። ደም ግፊት አለባት፤ ነርሷ አደራ አትደንግጪ ብላታለች። ግሩፑን እንዴት እንደምትከፍት አሳየኋት። አ.አ. ላለው ወንድሟ ለተክሌ በየማታው እንደምትደውል አጫወተችኝ። አሳድጎ የዳራት እሱ ነው። ሰሞኑን ታሟል።

ስወጣ ጡሩምባ ነፊያችን ጋሽ ወልዴ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ይሄ ስልክሽ ድንኳንም ይተክላል ወይ ብሎ ወጋኝ። ሳቅሁ። እሱ መንደሩን ለመዞር ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። እኔ በአንድ ጣት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9፤ ከቀኑ 8፡20

ምን ጉድ ሠራሁ። ባጃጅ እየጠበቅሁ ነው።

ተክሌ ሞተ። ጠዋት ዘመዶቹ ከአ.አ. ደወሉልኝ። ለሊቀ መንበራችን ለሐጂ ሸምሱ ነገርኩ። እሳቸውም ሽማግሌ ይዘው፣ ነርሷን አስከትለው፣ ነገ ማለዳ መርዶውን ሊነግሯት ወሰኑ። ባሏ ሚኒባሱን ይዞ ወልቂጤ ነው፤ እሱም እስከዚያ ዝም እንዲል ተነገረው። እኔ ቀልጣፋዋ ግን ድንኳን ተካዮቹ ይዘጋጁ ብዬ ግሩፑ ላይ ለቀቅሁት። «የእህታችን የወ/ሮ አስካለ ወንድም» ብዬ፣ አሳምሬ። ጋሽ ወልዴ እኮ መርዶ ሳይነገር ጡሩምባውን ከአፉ አያገናኝም። እኔ አስካለን በገዛ እጄ እዚያው ማስገባቴን ረሳሁ!

አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፤ ሰው ከሥር ከሥሩ ነፍስ ይማር ይላል። ሐጂ ደወሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። አላህ ያግዝሽ፣ ሳታየው ድረሺ አሉኝና ዘጉ።

ባጃጁ መጣ።

ሐሙስ፣ 9፡40

ስልኳን ባንኮኒው ላይ በፊቱ ተደፍቶ አገኘሁት። እሷ ለደንበኛ ጨርቅ ትለካለች። ፊቷ ደህና። ተመስገን!

ዋሸኋት። ግሩፑ ተበላሽቷል፣ የአባላቱን ስልክ ሰብስቤ ላስተካክል ነው፣ ነገ እመልሳለሁ አልኳት። ስልኳን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት ግን ክንዴን ያዘችኝ።

«ታዲያ ተክሌን በምን ልጠይቀው?»

ኔትወርክ የለም፣ ነገ ትደውዪለታለሽ አልኳት። ነገ! ምላሴን ይቁረጠው።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ እሺ ብላ መቀሷን አነሳች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10፤ ማለዳ

ሐጂ ከፊት፣ ነርሷ ቀጥላ፣ እኔ ከሁሉም ኋላ። ሐጂ ገና «ልጄ» ከማለታቸው ጮኸች። ደጁ ላይ ሆነው የሚያዩኝ ሰዎች ዓይን በላኝ። ነርሷ ደም ግፊቷን ለካች፤ ከፍ ብሏል፣ ግን አያሰጋም አለች። ለቀብር ወሰዷት። የጋሽ ወልዴ ጡሩምባ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ቀና ብዬ አላየሁትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 12፤ ከሥልስት መልስ

ድንኳኑ ሲነቀል ስልኳን መለስኩላት። ፅንሱ ደህና ነው፣ ይገላበጣል አለችኝ። ደስ አለኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ በሹክሹክታ።

«አንቺ ሳትመጪ አንብቤዋለሁ።»

ታዲያ ለምን አላለቀስሽም አልኳት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!

«ማን ነግሮኝ? ማን ይዞኝ? ብቻዬን ጮሄ ብወድቅስ? ለልጄ ፈራሁ፤ ጨርቅ ለካሁ። አንቺን ሳይ ልትይዢኝ የመጣሽ መሰለኝ። በምን ልጠይቀው ያልኩሽ እንድትነግሪኝ ብዬ ነበር።»

እኔ ስልኳን ይዤ ሄድኩ። እሷ ያን ሁሉ ሰዓት፣ ከወልቂጤ የተመለሰው ባሏ እንኳ አጠገቧ ሆኖ ዝም ባለበት፣ እያወቀች አደረች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13፤ ጠዋት 2፡00

ሐጂ ደወሉ። ትናንት ማታ። ግሩፑ ይቀጥላል አሉ፤ ለስብሰባና ለማስታወቂያ። ሞት ግን ሽማግሌ መርዶውን ነግሮ ከለቅሶ ቤት ሳይወጣ አይጻፍበትም። ደንቡ የፊታችን እሑድ ለአባላት ይነበባል።

ሰዉ ጥፋቱን ለስልኩ ሰጥቶታል። ኢንተርኔት ያመጣብን ጣጣ ይላሉ። ሐጂም ስምሽ አይነሳም፣ ነገሩን አሳልፊው አሉኝ። እውነቱን ልናገር? ደስ ብሎኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ግን አስካለ ክንዴን ስትይዘኝ ነው የሚታየኝ።

አሁን ከእሷ ዘንድ መመለሴ ነው። ያልሽኝን ባወራው ትቀየሚኛለሽ ወይ አልኳት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«አውሪው» አለች። «ሌላ ሴት እንደኔ እንዳታድር።»

እሑድ ሐጂ አንብበው ሲጨርሱ እነሳለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ እላለሁ። ወረቀት አልይዝም።