የ«ባለ ጃንጥላው» አምስተኛ ጥቅል

ኮልፌ፣ ጥር 1976 ዓ.ም.

ውድ መሸሻ፣

የጤናህን ነገር ኋላ እጠይቅሃለሁ። መጀመሪያ ይህን ወረቀት አስቀምጥና፣ ከኮልፌ ስትወጣ እናቴ የስንቅ ዳቦ ጨምራ የሰጠችህን ጥቁርና ቀይ ዘንቢል ፈልግ። አደራህን፣ ጥዬዋለሁ እንዳትለኝ። አይጥ በልታው ከሆነ እንኳ የተረፈውን ያዝ። ካገኘኸው አጠገብህ አድርገውና ማንበብህን ቀጥል።

አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ «ሌባ ጓደኛ ነበረኝ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ለካ ሌባ ጓደኛ የነበረህ አንተ ነህ።

የካራቴ ፊልማችንን «ባለ ጃንጥላው»ን መቼም አትረሳውም። የፊልም ነጋዴው አህመድ መርካቶ ካለው መጋዘኑ አውጥቶ ለቀበሌያችን አዳራሽ ሲሸጠው፣ አገር ውስጥ ያለችው ቅጂ ይቺ ብቻ ናት ብሎ ምሎ ነበር። ጓድ ጌታሁን መቼም ሊቀመንበር ነው፣ አዳራሹ እንዳይቀዘቅዝ በየእሁዱ ከአምስቱ ጥቅል አንዷ ብቻ እንድትታይ ወሰነ። አንተ ፕሮጀክተሩን ታዞራለህ፣ እኔ ከመጋረጃው ጎን ማይክ ይዤ ቻይንኛውን እተረጉማለሁ። ቻይንኛ የማውቀው አንተ የምታውቀውን ያህል ነው፤ ማለትም ምንም። ቢሆንም ክፉውን ሽማግሌ ባለርስት፣ አክተሩን ጭሰኛ ባደርጋቸው ጓድ ጌታሁን ራሱ ቆሞ አጨበጨበልኝ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የእናቱን ጃንጥላ በካራቴ ሰባብሮ፣ ያን ክረምት እናቶች ላስቲክ ተከናንበው ከረሙ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በአራተኛው እሁድ አንዱን ሰውዬ «ወንድሜ፣ እወድሃለሁ» አሰኘሁት፤ ገና ሳልጨርስ አክተሩን በጩቤ ወጋው። አዳራሹ ሳቀብኝ፤ አንተም ስቀሃል፣ ሰምቼሃለሁ። ሁለተኛ አልዋረድም ብዬ የመጨረሻዋን ጥቅል ቀድሜ ላያት ቆረጥኩ። ዓርብ ዕለት ምሳ ስትሄድ ቁልፍህን ካስቀመጥክበት አነሳሁና ፊልሟን ከቆርቆሮዋ አወጣሁ። ባዶውን ቆርቆሮ ቦታው መልሼ፣ ፊልሟን ቤት ወስጄ አልጋዬ ሥር ከተትኳት። ቅዳሜ በመስኮት ብርሃን እያየሁ ላጠና ነው ሐሳቤ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከውጭ ስመለስ አልጋው ሥር የለችም። ጠዋት አንተ መጥተህ፣ እኔን ስትጠብቅ እዚያው አልጋ ላይ ተቀምጠህ እንደነበር ሰማሁ። በቃ፣ አግኝቷት ወስዷል፣ አሁን መሳቂያ ሊያደርገኝ ነው አልኩና አፍሬ ዝም አልኩ። እሁድ ቆርቆሮውን ከፍተህ ባዶ ስታገኘው ፊትህ አመድ መሰለ። እኔ ግን የምታስመስል መሰለኝ፤ ሸጧታል አልኩ በልቤ። ጓድ ጌታሁን በሕዝቡ ፊት «ይህን የሕዝብ ንብረት መጨረሻ የነካው ማነው?» ሲል፣ «መሸሻ» አልኩ። እኔ መውሰዴን ዋጥኩት። አንተ ዞረህ አየኸኝ። ያ አስተያየትህ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አንተ ተባረህ አዋሽ የጥጥ እርሻ ትራክተር ልትነዳ ከሄድክ በኋላ ሕዝቡ መጨረሻውን አምጡ ብሎ አበደ። እኔም ነጭ መጋረጃ ፊት ቆሜ በቃሌ እተርክ ጀመር፤ አክተሩ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ፍለጋውንም አልተውኩም። አህመድ ዘንድ ሦስቴ ተመላለስኩ፤ ሌላ ቅጂ ቢኖር ባሕር ማዶ ነው አለኝ። ሳንሱሲ አንድ ሰውዬ የካራቴ ፊልም አለው ተብሎ በእግሬ ሄድኩ። ስናየው ስለ ወባ ትንኝ የሚያስተምር ሆኖ ተገኘ። እውነቱን ለመናገር ትንኟ ከብዙ አክተር ትሻል ነበር።

ባለፈው ሳምንት እማዬ እግሯን አሟት ድንች ግዛልኝ አለችኝ። ዘንቢል አንጠልጥዬ ኮልፌ ከሚያየኝ ብዬ እስከ አየር ጤና ሄድኩ። ፌርማታው ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ፀሐይዋ ከረረችና ዘንቢሉን ከፍ አድርጌ ፊቴን ከለልኩበት። በጥቁሩ ላስቲክ ውስጥ፣ ጥፍር የሚያክል ሰውዬ ጃንጥላ ይዞ እግሩን አንስቷል። አጠገቡ ሌላ፣ ከሥሩም ሌላ። ድንቹ አስፋልቱ ላይ ሲንከባለል ሴቶቹ ነበሩ የለቀሙልኝ።

ያኔ እማዬን ለዘንቢል መሥሪያ ላስቲክ አመጣልሻለሁ እያልኩ ወር ሙሉ ስሸነግላት ነበር። ለካ ያን ቅዳሜ አንተ ከሄድክ በኋላ ቤት ስትጠርግ ፊልሟን አልጋ ሥር አገኘቻት። ልጄ አልረሳኝም ብላ ከታትፋ፣ ከቀይ ላስቲክ ጋር እያሰባጠረች ሁለት ዘንቢል ሠራችበት። ይባስ ብሎ፣ ስላመጣህልኝ ላስቲክ ብላ ስትመርቀኝ አሜን ብያለሁ። እህቴ አምጥታላት ይሆናል ብዬ ነው፤ የመጣ ምርቃት ደግሞ ማን ይመልሳል?

ሁሉን ነገርኳት። አንተን ሌባ ማለት መቼም ሆኖላት አያውቅም።

«እኔ እኮ መርቄህ ነበር» አለች። «ምርቃቴን መልስ።»

«እንዴት ይመለሳል፣ እማዬ?»

«ለመሸሻ ላክለት።»

እሁድ በስብሰባ ላይ ተነስቼ ግለሂስ አደረግሁ። ዘንቢሉን ወደ መስኮቱ አንስቼ አሳየሁ፤ ኮሚቴው እየተቀባበለ አየው። ጓድ ጌታሁን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየና «ጃንጥላው ወደቀበት እኮ» አለ። ከዚያ ሊቀመንበርነቱ ትዝ ሲለው ተቆጣ። ማይኩን ተቀማሁ፤ ለስድስት ወርም አዳራሹን እንድጠርግ ተፈረደብኝ። ያንተ ስም ግን ጸድቷል፤ ቃለ ጉባኤ ተጽፎበት ማህተም አርፎበታል። የተናደደው የቀበሌው ዘበኛ ጋሽ ወልደሰንበት ነው። ስትሄድ በር ላይ የፈተሸህ እሱ ነው፤ ፊልም ፍለጋ ዳቦህን ሳይቀር ቆርሶ አየ። ጫማህን እስክታስር ዘንቢሉን የያዘልህም እሱ ነው። አሁን ዘንቢል የያዘ ሰው ሲያይ ያቆማል።

የእኛ ዘንቢል የሚያሳየው ጃንጥላው እስኪወድቅበት ድረስ ነው። የቀረው አንተ ጋ ነው፤ አልሰረቅሁም እያልክ ይዘኸው የሄድከው። በል ወደ ፀሐይ አንሳው። አክተሩ ዳነ ወይስ ሞተ? ከሞተ ለማንም እንዳትናገር፤ ለኮልፌ እኔ እተረጉመዋለሁ። ይቅር ካልከኝ ይዘኸው ና። ካላልከኝም ይዘኸው ና፤ እዚሁ ሆነህ ተጣላኝ። ፕሮጀክተሩ ካንተ ወዲያ በማንም እጅ እሺ ብሎ አያውቅም፤ እኔም እንደዚያው ነኝ።

እማዬ ያዘዘችኝን ደግሞ፣ አንድ ቃል ሳልጨምር፣ እነሆ፦ «እጅህ የነካው ይባረክ፤ በሰው ፊት አያሳፍርህ።» ያንተ ነበር። ይህን ያህል ጊዜ እኔ ዘንድ ስለቆየ ይቅርታ።

ያላደረግኸውን የተረጎመብህ፣
አምሐ