አቀንጭራ የማያበቅለው ማሳ

ሮቢት፣ ጥቅምት 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለቀድሞ እጮኛዬ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ በክረምት የሚነሳብህ ሳይነስ ዘንድሮስ ለቀቀህ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ለወግ ብዬ አይደለም፤ እውነትም ደህና ነኝ። ቆላው አጥቁሮኛል፣ ትንሽም ወፍሬያለሁ፣ እንቅልፌም ጥሩ ነው። እናትህም ጉልበታቸውን ትንሽ ከሚያማቸው በቀር ደህና ናቸው። ማሽላው አምሯል።

ያልደወልኩልህ በስልክ ስለምታቋርጠኝ ነው። የላክሃቸው ሽማግሌዎች በሰኔ ወልድያ ድረስ መጥተው ነበር። ልጁ ተጸጽቷል፣ ቀለበቱም አለ፣ ታረቁና ተጋቡ አሉኝ። ሻይ ጋብዤ፣ አስቤ እመልሳለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። አሁን አስቤያለሁ። መልሱ እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ስላለ ታግሰህ እስከ መጨረሻው አንብብ።

ባለፈው ሚያዝያ ከወልድያ ወደ ሮቢት ስመጣ ጎብዬ ላይ የሚኒባሱ ሾፌር ሬዲዮ ከፈተ። አንተ ነበርክ። የማሽላ ጠላት የሆነውን አረም፣ አቀንጭራን፣ የሚያጠፋውን ባክቴሪያ በረጅም ምርምር እንዳገኘኸው ትናገራለህ። አጠገቤ ዶሮዎቿን እግሯ ሥር ያስቀመጠች ሴትዮ «እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት እንዴት ታድላለች!» አለች። እናቱ ጋ እየሄድኩ ነው አላልኳትም። እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ግን ታሪኩን አንድ ቀን እኔም እነግረዋለሁ አልኩ። እነሆ።

ለእናትህ ልታስተዋውቀኝ ያመጣኸኝ ጊዜ ወሩ እንደዛሬው ጥቅምት ነበር። የጎረቤታቸው የደምሴ ማሳ በአቀንጭራ ሐምራዊ አበባ ተሸፍኖ፣ ማሽላው ሥሩ ተመጥጦ ቢጫ ሆኖ ነበር። ድንበሩን አልፎ ያለው የእናትህ ማሳ ግን ንጹሕ። የሚያጠጣው ጎርፍ አንድ፣ ዘሩ አንድ። ለምን ይሆን ብዬ ብጠይቅህ «ዕድል ነው» ብለህ ሳቅህ። እናትህ ደግሞ ቄስ ገብረ ማርያም ጠበል ስለረጩበት ነው አሉ። ደምሴ ይህን ሲሰማ «ለእኔም እኮ ረጭተዋል፤ እኔ ከጠበሉ ጋር ምን ተጣልቼ ነው?» አለ። እኔ ከሁለቱም ማሳ አፈር በላስቲክ ቋጥሬ ተነሳሁ። እናትህ «የሰው ምራት ማር ይዛ ትሄዳለች፣ የእኔዋ አፈር!» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዳናይትም ታውቃለች። አንተና እኔ አብረን የምንሠራበት ቤተ ሙከራ ረዳት ዳናይት ንጽሕና ወዳድ ስለሆነች ወደዚያ ክፍል የሚገባ ነገር ሁሉ ጀርሙ ሳይሞት አያልፋትም። የእናትህን አፈር ግማሹን ሳትጠይቀኝ በእንፋሎት ማምከኛው ቀቀለችው። ጮኽኩባት። «ከገጠር የመጣ አፈር ጀርም አያጣም ብዬ እኮ ነው» አለች እያለቀሰች። መድፋቱ አሳዘነኝና የተቀቀለውን ካልተቀቀለው ጎን በባልዲ አድርጌ፣ በሁለቱም ላይ ማሽላና የአቀንጭራ ዘር ዘራሁ። ባልተቀቀለው አፈር ላይ አቀንጭራ የለም ማለት ይቻል ነበር። በተቀቀለው ላይ ግን እንደ ደምሴ ማሳ ፈላ። ማሳውን የሚጠብቀው አፈሩ ውስጥ ያለ ሕያው ነገር መሆኑን ያወቅኩት በዳናይት ስሕተት ነው። አቅፌ ሳምኳት። አንተ በሩ ላይ ቆመህ «ሁለታችሁም አብዳችኋል» አልክ። ይህን በሬዲዮ አልተናገርከውም።

ከዚያ ባክቴሪያዎቹን አንድ በአንድ እየለየሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩ። አባቴ ሞቶ ለቅሶ ስሄድ የማቀዝቀዣውን ቁልፍ አምኜ የሰጠሁት ለአንተ ነበር። ስመለስ ከሁሉም ብርቱ የነበረችውን ወስደህ፣ ከኃላፊያችን ጋር ፕሮጀክት ከፍተህባት አገኘሁ። ጥናቱ ላይ የእናንተ ስም አለ። የእኔ መጨረሻ ላይ፣ ምስጋናው ውስጥ፣ ከጥበቃው ስም ቀጥሎ። ስጠይቅህ «ልንጋባ አይደል? የእኔ ስም ያንቺም ስም ነው» አልከኝ። መልሴ ቀለበቱን ጠረጴዛህ ላይ ማስቀመጥ ነበር። ኃላፊው ጋ አቤት ብል «የፍቅር ጠብ ቢሮ አታምጪ» አለኝ። የዚያን ቀን አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ግን በዚህ ነገር አልቅሼ አላውቅም።

ያንን ሥራ ለቅቄ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ስጀምር የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ሮቢት ወረድኩ። የእናትህ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። እሳቸው አዩኝና «የተውሽው ልጄን ነው ወይስ እኔንም?» አሉኝ። እርስዎን አይደለም አልኩ። «እንግዲያው ምን ያስቆምሻል፣ ግቢ» አሉ። ለምን እንደተለያየን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። እናት ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜዬ እዚህ ነው። አንዳንዴም ተማሪዎቼን ይዤ እመጣለሁ፤ እናትህ ንፍሮ እያበሉ «እናንተ አፈር ለመቆፈር ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችሁት?» ይሏቸዋል። ዘንድሮ ደምሴ ከማሳው ላይ ሦስት መደብ ሰጠኝ። አንዱን እንዳለ ተውኩት። በአንዱ ላይ ፕሮጀክትህ በነጻ ያደለውን የፓኬት ዱቄት በተንን። በሦስተኛው ላይ ደግሞ ከእናትህ ማሳ ሕያው አፈር ከፍግ ጋር አድርገን በተንን። ያንተ መደብ ምንም ካልተደረገበት አይለይም፤ ሁለቱም ሐምራዊ ናቸው። በሦስተኛው ላይ አቀንጭራው አልፎ አልፎ ይታያል፣ ማሽላው ግን አፍርቷል። ደምሴ ያንተን መደብ እያየ «ዶክተሩ ለአቀንጭራው ነው እንዴ ማዳበሪያ የላከለት?» አለ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ምክንያቱን ግን ልንገርህ። ያቺ የወሰድካት ባክቴሪያ ብቻዋን የምትኖር አይደለችም። የምትመገበው ሌላዋ የምትጥለውን ነው፤ ከሚበሏትም የሚከልሏት አሉ። በንጹሕ ሳህን ላይ ስትቀልባት ብርቱ ትመስላለች። ማሳ ላይ ብቻዋን ስትጣል ትራባለች፣ ሌሎችም ይበሏታል። እኔም ይህ የገባኝ እዚህ፣ በእናትህ ጓሮ ባልዲዎቼን ደርድሬ ነው። አንዷን ሰረቅህ፤ ማኅበሩ ግን እናትህ ማሳ ላይ ቀረ።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። መስከረም መጨረሻ ላይ የፕሮጀክትህ ሰዎች መጥተው ታፔላ ተከሉ፤ ለኅዳርም የመስክ ቀን ቀጠሩ። የተከሉት የት መሰለህ? አንተማ ታውቃለህ። እናትህ ማሳ ላይ! አቀንጭራ በቅሎበት የማያውቅ ማሳ ላይ ፓኬትህን በትነው፣ ስምህን አቆሙበት። ከየቀበሌው የሚመጣው ገበሬ ንጹሑን ማሳ አይቶ ያምንሃል። በሚመጣው ክረምት ፓኬትህን በትኖ ይቀመጣል። አዝመራው የሚጠፋው ግን የእሱ ነው።

በመስክ ቀኑ ተነስቼ በሰው ሁሉ ፊት ላዋርድህ ወስኜ ነበር። ከዚያ እናትህን አየኋቸው። ታፔላውን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ማንበብ ስለማይችሉ «የልጄ ስም የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ ስምህን አስነካኋቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ደምሴ ማሳ ላይ አጎንብሼ ስሠራ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። እዚህች መደብ ላይ የተበተነው የልጄ መድኃኒት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። «የእኔ ማሳ ላይስ?» ያው ነው አልኩ። ሐምራዊውን አበባ አዩ። ዞረው የራሳቸውን ማሳ አዩ። «ፀሐዩ በረታ፤ አብሽሪ፣ ነይና ውኃ ጠጪ» ብለውኝ ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ታፔላው የለም። የዶሮዎቹ ቤት ጣሪያ ሆኗል፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሯል። «ነፋስ ጣለው» አሉኝ። ደምሴን ብጠይቀው ሳቁን እየዋጠ «ኧረ ከባድ ነፋስ ነበር!» አለኝ። ከአጥሩ ላይ አንዲት የማሽላ አገዳ እንኳ አልወደቀችም።

ስለዚህ የፕሮጀክትህ ሰዎች ቢጠይቁህ ነፋስ ነው በላቸው። እኛም ሌላ አንልም። ግን ከመስክ ቀኑ በፊት ና። ታፔላህን ከፈለግክ ደምሴ ማሳ ላይ፣ በሦስቱ መደቦች ፊት ራስህ ትከለውና ገበሬው በዓይኑ አይቶ ይፍረድ። መጀመሪያ የምትናገረው አንተ ነህ። ካልመጣህ እኔ እናገራለሁ። ንግግሬ አጭር ነው፤ ስምህም አይጠራበትም።

አንድ ዜና ቀረኝ። ባለፈው እሑድ እናትህ ደምሴንና ሚስቱን ብርቱካንን ጠሩ፤ ቄስ ገብረ ማርያምም ነበሩ። አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ወደ አፌ አቀረቡ። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ከዚያ አላመነታሁም፤ ጠባሁት፣ የጡት ልጃቸው ሆንኩ። ደምሴ «ይኸው ማሩንም ወሰድሽው!» ሲል ሁሉም ሳቀ። «እናቱን አንቱ የሚል ልጅ የለም፤ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ በይኝ» ተባልኩ። አፌ አልለመደም፣ ግን እየሞከርኩ ነው። ሽማግሌ መላክህን ማን እንደነገራት አላውቅም። እኔ አልነገርኳትም።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ማሽላ እየለቀመች ነው። «ንገሪው፤ ሁለት ልጅ አለኝ፣ ሲመጣ ከአንድ ትሪ ነው የማበላችሁ በይው» ብላለች። ና። ቂም ይዤ አልጠብቅህም።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። የራስህን ሥራ ሠርተህ በራስህ ስም የምትጠራበትን ቀን ያምጣልህ።

እህትህ