ግማሽ ክዳን

ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ጧት

ለሰማም ላልሰማም ይታወቅ፦ አውራ ዶሯችን ከዛሬ ጀምሮ ከቤት ሳይወጣ ሰማይ እያየ ይጮኻል። ፈቃድ የሰጠው የለም። ሰማዩ ራሱ ነው ቤት ድረስ የመጣለት።

ማስታወሻዬ፣ ጣሪያችን ግማሽ መሆኑን ታውቃለህ። አናጢ ውበቱ በፋሲካ ማግሥት መጣ። አሮጌውን ሣር ገሸለጠ። የበሰበሰውን ማገር ነቃቀለ። የምሥራቁን ወገን በአዲስ ሣር ከደነ። ዋጋውን፣ ያቺን ጊደሬን፣ ቀድሞ ነዳ። ከዚያ ወዲህ ጥላውም የለ። ባለቤቴ አልጋነሽ መኝታዋን ወደ ተከደነው ወገን ሳበች። እኔ ከወዲህ፣ ከከዋክብት ጋር።

ክረምቱ ደርሷል። የምፈራው ግን ዝናቡን አይደለም። ክዳን የሌለው ቤት ወሬ አይይዝም። የጣልያን ምሽግ ከኛ በላይ ጉብታው ላይ ነው፤ የምንንሾካሾከው ሁሉ ሽቅብ ይሄዳል። ትናንት አውሮፕላን ሲያልፍ አልጋነሽ ሮጣ ድስቷን ከደነች፣ ወጧን እንዳያይባት። ሳቅሁ። ቀጥዬ እኔም በጋቢዬ ራሴን ሸፈንሁ።

ግንቦት ፲፪

ጊደሬን ወይም ጣሪያዬን ማስመለስ አለብኝ። ግን ለማን አቤት ልበል? የቀድሞው ዳኛ ተሰዷል። ወንበሩ ምሽግ ገብቷል። አቤቱታ አሁን የሚሰማው ለጣልያን በሚያስተረጉም ቱርጁማን በኩል ነው። አንድ የባሶ ሰው ስለ ድንበር ሊከስ ገብቶ ስለ ጠመንጃ ተጠይቆ ቀረ። እኔ ስለ ጊደር ብገባ ስለ ምን እንደምጠየቅ እንጃ።

አልጋነሽ ተወው ትላለች። ሣሩን ራስህ ውጣና ክደን፤ ያ ምላስህ እንደሁ አንድ ቀን ያሰቅለናል። እንደ ድንጋይ ዝም እንደምል በማርያም ማልሁላት። መሐላው በክብር ተመዝግቧል።

ግንቦት ፲፫፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ

ሮጬ ገባሁ። ፊደሉ ከተንጋደደ ይቅር በለኝ።

ውበቱን አየሁት። ጨው ተራ። አሞሌ ይገዛል። አንድ ቤት የሚበላው አይደለም፣ አህያ የሚያጎብጥ። ያኔ ልብ አላልሁም፤ የታየኝ ጊደሬ ብቻ። ጀርባውን ሰጠኝ፣ ሊሄድ ነው። አባቶቻችን ባለዕዳ ሲያስቆሙ የሚሉት ቃል አለ፤ በሱ የተጠራ ሰው አይሮጥም። ምላሴ እኔን ሳያማክር አወጣው።

«በጃንሆይ አምላክ ቁም!»

ጃንሆይ ባሕር ማዶ ናቸው። ስማቸውን ገበያ መሀል የጠራ የት እንደሚንጠለጠል ደግሞ ልጅ ያውቃል።

ቅቤ ሻጯ ጣቷን ቅቤው ውስጥ እንደ ሰካች ቀረች። ከበሩ የቆመው ባንዳ እንኳ፣ ማስታወሻዬ፣ እግሩን ገጠመ! ልማድ ነው። ወዲያው ነቃና በራሱ አፍሮ በኛ ተቆጣ።

ውበቱም ቆመ። መሮጥ ይችል ነበር። ቆመ። ዞሮ አየኝ፣ ፊቱ አመድ። በለሆሳስ፦ «ምነው ደብተራ፣ ለአንዲት ጊደር ሁለት አንገት?»

ባንዳው «ማነው እሱ? የታለ!» እያለ ሰው መግፋት ጀመረ። እኔ በሽንኩርት ተራ ሾለክሁ። ጥምጥሜን ብብቴ ውስጥ፣ ራሴ ባዶ። ክብርህ የት ደረሰ አትበለኝ።

ቤት ስደርስ አልጋነሽ ሰምታለች። ወሬ ከኔ ይሮጣል። ጥምጥሜን ከብብቴ መዝዛ አራግፋ ሰቀለችው። ከባንዳው ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

ግንቦት ፲፬፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም። ታሟል አስባልሁ። ውሸት አይደለም፤ ከአልጋ አልወረድሁም።

ጭቃ ሹሙ በየደጁ ዞረ። ገበያ ላይ የጮኸው ይፈለጋል፤ የደበቀም ቤቱ ይቃጠላል። የኔን ደጅ ሲደርስ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና፣ ይኸን ደግሞ ማን ቀድሞ አቃጠለው አለ። ሳቅሁለት። ጥርሴ ግን ይንገጫገጫል። ብርድ ነው አልሁት፣ በግንቦት ፀሐይ።

ግንቦት ፲፭

ውበቱን ትናንት ማታ ከእኅቱ ቤት ይዘው ምሽግ አስገቡት። የጃንሆይ ስም ሲጠራ፣ ጠሪውን ሳይሆን የቆመውን ያየ ሰው ጠቁሞ። ማን ጠራህ እያሉት ነው።

ነገሩን ሳሰላው አደርሁ፣ ሳሰላውም ዋልሁ። ስሜን ቢጠራ ነፃ ይወጣል። ከሳሹም ይሰቀልለታል፤ ጊደሪቱም ያለ ባለቤት ትቀራለች። እኔ በሱ ቦታ ብሆን... አልጽፈውም።

ማታ። ጎረቤታችን አያ ሙሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ ውበቱን ለቀቁት አለኝ። በእግሩ ወጥቶ ሲሄድ አየሁት ደብተራ። ከዚያ ቤት ሰው ሳያስገባ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

አለቀ። ውበቱ ከዳኝ።

አልጋነሽ ዳቤ ጋገረች፣ ለስንቅ። ለማን ስንቅ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ለእስር ቤት ነው ወይስ ለመንገድ?

ግንቦት ፲፯

ከነጋ ኮቴ ሰማሁ። የብዙ እግር። በዚህም ምክንያት ደብተራው፣ ዳዊት ደጋሚው፣ ቅኔ ተቀኚው፣ ባዶ ጎታ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። የጤፍ ብናኝ አፍንጫዬን ቢከረክረኝ ማስነጠሴን ለአምላክ አደራ አልሁ።

አልጋነሽ ጠራችኝ። ና ውጣ አለችኝ፣ ከብት ናት።

ጊደሬ! ከኋላዋ የውበቱ ሚስት ጥሩ፣ ገመዱን ይዛ፣ ሕፃን አዝላ። አራቱ እግር የጊደሪቱ ነው።

ቁጭ በይ ብንላት ቆማ ነገረችን። ወሩን ሙሉ የጠፋው፣ አናጢ ሁሉ ለምሽጉ ሥራ ሲታፈስ ሸሽቶ ነው። ወደ ጮቄ ተራራ፣ ወደ አርበኞቹ። ጨውም የዚያ ሰዎች ነው። ቅዳሜ ተይዞ ቢፈተሽ ኖሮ ገበያው ላይ ያልቅለት ነበር፣ በኔ ቃል። ሰኞ ገረፉት። ማን ጠራህ? ጆሮዬ ደንቆሮ ነው፣ ሰው ሲቆም አይቼ ቆምሁ አላቸው። ደግመው ገረፉት። ደንቆሮ ነኝ። እውነትም ደንቆሮ ነው ብለው አስወጡት። ጀርባው ሸሚዝ አይችልም አለች።

ለምን እንዳልሮጠ ጠየቅኋት።

«እኔም ጠየቅሁት» አለች። «በዚያ ስም ተጠርቼ ብሮጥ፣ የምሮጠው ወዴት ነበር? አለኝ።»

ሌሊቱን ተመልሶ ሄዷል። የሰው ዕዳ ተሸክሜ እዚያ አልገባም፣ የደብተራን ጊደር መልሽ ብሏት። ስለ ጣሪያውም ይቅር ይበሉኝ ብሏል። ይቅር ይበሉኝ! እኔን!

ማስታወሻዬ፣ ለአናጢ ሚስት ጥምጥሜን አወረድሁ፤ ቀኑን መዝግበው። አልጋነሽ ግን ገመዱን ተቀብላ፣ መልሳ በጥሩ እጅ ላይ ጠቀለለችው። ሥራውን ግማሽ ሠርቷል፣ ግማሹን በጀርባው ጨርሷል፤ ሂጂ፣ ልጆችሽ ወተት ይዩ። ጥሩ እምቢ አለች። አልጋነሽ ዳቤውን ጨመረችላት። እኔ በሩን ከፈትሁ።

ሰኔ ፩፣ ሊዘንብ ሲል

የምዕራቡን ወገን ራሴ እየከደንሁ ነው። ደቦ እንዳልጠራ፣ ሦስት ሆኖ መሰብሰብ እንኳ በምሽጉ ያስጠይቃል። ሣሩን የማስረው እንደ ቅኔ ነው፣ ከላይ የሚታየው ሌላ፣ ከሥር የሚይዘው ሌላ። አልጋነሽ ከታች፣ ያፈስሳል ትላለች። ያፍስስ። ከላይ ሆኜ ምሽጉ ፊት ለፊት ይታየኛል። እነሱም ያዩኛል። አልወርድም።

የሚከተለው ይታረም ዘንድ ታዟል፦

በግንቦት ፲፭ ቀን በዚህ ማስታወሻ «ውበቱ ከዳኝ» ተብሎ የሰፈረው፣ በጸሐፊው ፍርሃት ምክንያት ፊደል ወድቆ ስለ ተገኘ፣ «ውበቱ ከደነኝ» ተብሎ ይነበብ።