ኤን ላይ የቀረው ማርሽ

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልም፤ ክፉ ነገር ከደጅሽ ይመለስ። እንዴት ነሽልኝ?

እኛ አለን። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠገነ። እህትሽ ሥራ ቀየረች። አባትሽም ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ግራ እግሩን ግን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል። በስልክ ልነግርሽ ስል ድምፄ እምቢ ስላለኝ ነው የጻፍኩልሽ።

በራችን ቁልቁለት ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። መኪናዋን አቁሞ በሩን ሊከፍት ወረደ። ማርሹ ጎማውን ቆልፎ በሚይዘው ፒ ላይ የገባ መስሎት ነበር፤ ለካ ጎማው እንደ ልቡ የሚዞርበት ኤን ላይ ቀርቷል። የእጅ ፍሬኑንም አልሳበውም። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ተንሸራታ ከብረት በሩ ጋር አጣበቀችው። ሮጬ ስደርስ፣ “ቀሚስሽ ይቆሽሻል፣ አትጠጊ” አለኝ።

መካኒኩ ጎረቤታችን፣ “የእጅ ፍሬኑ ቢሳብ ኖሮ ይይዛት ነበር፣ እትዬ” አለኝ። “እሺ” አልኩት። አላለቀስኩም፤ እንባዬ የት እንደገባ እንጃ። አባትሽ ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም ጫማዎቹን ይወለውላል።

የአዲሷን መኪናሽን ፎቶ አየሁት። በሞቴ፣ ስትቆሚ እግርሽን ከፍሬኑ ሳታነሺ የእጅ ፍሬኑን ሳቢ፤ ፒ መግባቱን በዓይንሽ አይተሽ ውረጂ። ሜዳም ቢሆን።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ከሰው ፊት አያሳንስሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ስትደውዪ ስለ እግሩ አትጠይቂው። መኪና እንዴት እንደሚቆም ጠይቂው። መንዳት ያስተማረሽ እሱ ነው፤ አሁንም ያስተምርሽ።

እናትሽ