ካቻቢቴዬን ለጸሐፊዋ አስረከብኩ

ጥቅምት 17። ከትናንት ወዲያ ሞተሬ ፈተና ወደቀ።

ይህን ያስቀደምኩት ሌላው ሁሉ ደኅና ስለሆነ ነው፣ እትዬ። አንቺስ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? እማዬን ሳሉ ተዋት? መድኃኒቷን ትወስዳለች ወይስ ዛሬም ትራሷ ሥር ትደብቃለች? የአባባ ወፍጮ ቀበቶስ ተቀየረ? እኔ ከሆዴ መግፋት በቀር ምንም አልሆንኩም።

የብርድ ልብስ ፋብሪካችን መብራቱንም እንፋሎቱንም የሚያገኘው እኔ ከምጠብቀው የተፈጥሮ ጋዝ ሞተር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሞተሩ የአየር ጥራት ፈቃድ አለው፤ የሚያበቃውም ዛሬ ነበር። ለማሳደስ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ ያ ሳንባ የሚጎዳው፣ በመለኪያ ከሁለት መቶ ሃምሳ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ሞተሩ ይቆማል። ስድሳ ሰው ቤቱ ይቀመጣል፣ እኔ ከፊት ሆኜ።

እኔም አባባ እንዳስተማረን በዋዜማው ሞተሩን በጆሮዬ አስተካከልኩት። ጋዙን ጨመር፣ አየሩን ቀነስ፣ እስኪዘፍን ድረስ። ብትሰሚው እንባሽ ይመጣ ነበር። ጭሱም ለዓይን አይታይም። ከአየር ጥራት መሥሪያ ቤት ለኪዋ መጣች፤ ሻንጣዋ ከራሷ የሚከብድ ቀጭን ሴት። ቀጭን ቧንቧ ወደ ጭስ ማውጫው አስገብታ መለኪያዋን አየች፤ ሦስት መቶ ዘጠና። መሣሪያሽ ተበላሽቷል፣ እስቲ እንዴት እንደሚሄድ ስሚው አልኳት። "ጋሼ፣ እኔ ልሰማ አልመጣሁም" አለችኝ።

"ቶሎ ቶሎ" የምንለው አለቃችን የዚያን ቀን ቀስ ብሎ ነው ያናገረኝ። ያ ነው ያስፈራኝ።

ለኪዋ ዛሬ ጠዋት ተመለሰች። ቁጥሩን እያዩ አየር ይጨምሩ አለች። ጨመርኩ። ቁጥሩ ወረደ፤ ሁለት መቶ ሰባ ላይ ሲደርስ ግን ሞተሩ መሳል ጀመረ። እጄ ሳላዘው ወደኋላ መለሰው። እንደገና ጨመርኩ፣ እንደገና መለሰው። ሦስተኛው ላይ ለኪዋ ሰዓቷን አየች፣ "ቶሎ ቶሎ" ደግሞ እኔን። ያኔ እማዬ ስንጣላ የምትለን ትዝ አለኝ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሚስማር ላይ ያንጠለጠልኩትን የጆሮ መከለያ አወረድኩ። ሸረሪት ቤት ሠርታበታለች። አራግፌ ጆሮዬ ላይ ደፋሁትና ዓይኔን መለኪያው ላይ ተከልኩ። ሁለት መቶ ስድሳ፣ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት። እዚያ ላይ እጄን አነሳሁ። ለኪዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ አልሰማሁም። "ቶሎ ቶሎ" ከኋላዬ ሲያቅፈኝ ጣሪያው የወደቀብኝ መስሎኝ ጮህኩ። እስካሁን ይስቁብኛል።

ሞተሩ ግን አሁንም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው የሚሄደው፤ እጄን ይበላኛል። አመል ያወጣል ከመሃል ነውና ካቻቢቴዬን ለጸሐፊዋ አስረከብኩ። መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋበት፣ እስከ መቼ ላስቀምጥልህ ብትለኝ እስከሚቀጥለው ፈተና አልኳት። "እስከ ጡረታህ በል" አለችኝ።

እናንተ ዘንድ ለኪ እንደማይመጣ አውቃለሁ። የወፍጮውን ሞተር በጆሮሽ አስተካክዪ፣ ከኔ ጆሮ ያንቺ ይሻላል። ነገር ግን የጭስ ማውጫው ወደ እማዬ መስኮት ነው የሚያየው። እኔና አባባ ነን እንደዚያ የተከልነው፤ ቧንቧ እንዳያጥረን ብለን። ነገ ዛሬ ሳትይ ብየዳ ሠሪውን ጥሪና ወደ መንገዱ አዙሪው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባልሽ፣ ለመንታዎቹ፣ ጠዋት ጠዋት እህል ይዛ ቀድማ ለምትቆመው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችሁ ሰላምታዬ ይድረስ። ለመንታዎቹ ስለ ሸረሪቷ ንገሪያቸው፤ አልገደልኳትም።

ይህን የምጽፍልሽ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው። ለኪዋ ፈርማ የሰጠችንን አዲሱን ፈቃድ መስታወት ቤት ወስጄ ፍሬም እንዳስገባው ተልኬ ነበር፤ "ቶሎ ቶሎ" ከበሩ ላይ እየተጣራ ነው። መውጫው በሞተር ቤቱ በኩል ነው። መከለያዬን አድርጌ አልፋለሁ።

ታናሽሽ፣
ከፋብሪካው ጽሕፈት ቤት