ለአባባ ጆሮ ያስቀረጽኩት ቁልፍ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣ ለአቶ ገዛኸኝ፤ ወላይታ ሶዶ።

አባባ፣ ከባሕር ማዶ በጌታ ሰላም እልዎታለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ፣ ያ ብርድ ሲገባ የሚይዝዎት ነገር ለቀቀዎት? የደም ግፊቱን መድኃኒት ሳይዘሉ እየወሰዱ ነው ወይስ እንደ ልማድዎ ደህና ሲሆኑ ይተዉታል? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጨጓራዋ ተሻላት? ጓሮው፣ እንሰቱ፣ ጎረቤቱ፣ ምእመኑ ሁሉ ደህና ነው? ስለ ጆሮዎ ግን እዚህ ላይ አልጠይቅም፤ ደብዳቤው የተጻፈው ስለ እሱ ስለሆነ ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ። እኔ ልጅዎ ቤርሳቤህ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ። ናፍቆቱ እንዳለ ነው፤ አሁን ደግሞ ትንሽ ንዴት ተጨምሮበታል።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ማን አለ ይሉ ይሆናል። እዚህ ዶሃ አጠገብ አል ዋክራ፣ በሆቴሉ ሠራተኞች መኖሪያ አንድ ክፍል የምንጋራው አልታየችም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ስታየኝ ማንን ልትከሺ ነው ብላ ስቃብኛለች። ምን ላድርግ፣ ስልክ ከእርስዎ ጋር አልሠራ አለኝ። መስከረም ላይ ደውዬ፣ ትርፍ አንጀት ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ ስልዎት፣ «እሰይ የኔ ልጅ፣ ጌታ ይባረክ፣ ይጨምርልሽ» ነበር ያሉኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። በኋላ ሆቴሉ ካለበት ከሉሰይል ከሥራ ስመለስ፣ ሜትሮው ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ለካ ከዚያም በፊት ለነገርኩዎት ነገር ሁሉ «እሰይ» ሲሉኝ የከረሙት ስላልሰሙ ነው። የስንቱን ሰው ሬዲዮ አፍ ያስከፈቱ ሰው የገዛ ልጃቸው ድምፅ ሲርቃቸው፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

እኅቴ ጽጌረዳ ሐዋሳ ወስዳ አስመርምራዎት ውጤቱን በስልክ ስትልክልኝ፣ እኔም የጆሮ መስሚያ ፍለጋ ተነሣሁ። እዚህ ሆቴላችን ሒሳብ ክፍል የሚሠራ አንድ ሊባኖሳዊ አለ። አባቱ ሲሞቱ አዲስ የሚባል የጆሮ መስሚያ ትተዋል። እሱ ምን ያደርግልኛል ብሎ ሊሸጠው ፈለገ፣ እኔ ገዛሁት። እንግዲህ ይቁጠሩልኝ፦ አባትየው ከፍለው ገዙት፣ ልጁ ወረሰው፣ እኔ ከልጁ ገዛሁት። እዚህ ድረስ ሌባ የለም።

ይህ ዕቃ ግን እንደ መነጽር ዝም ብሎ የሚደረግ አይደለም። የሰውየው ጆሮ የቱን ድምፅ እንደሚያጣ ታይቶ፣ በኮምፒውተር መስተካከል አለበት። የተሸጠበት ሱቅ ሉሰይል አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ነውና በእረፍት ቀኔ ወሰድኩት። ነጭ ካፖርት የለበሰ ልጅ በትሕትና ተቀበለኝ፤ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ አይቶ ዕቃው በሟቹ ስም የተመዘገበ ስለሆነ ለሌላ ሰው አናስተካክለውም አለ። ከእነርሱ ሱቆች ውጭ ደግሞ ማንም ሊያስተካክለው አይችልም፤ ተቆልፏል። እሺ፣ የማስተካከያውን ልክፈልና ሥሩልኝ አልኩ፤ አይሆንም። ሶፍትዌሩን ሽጡልኝ አልኩ፤ አይሸጥም። ለአባትሽ አዲስ ግዢላቸው፣ ቅናሽ እናደርግልሻለን አለኝ። ታዲያ በእጄ የያዝኩት ይሄ የማን ነው ስለው፣ «ዕቃው ያንቺ ነው፣ ውስጡ ያለው ግን የኩባንያው ነው» አለኝ። ልጁን አልተቀየምኩትም፤ ያስጠኑትን ነው የተናገረው። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አባባ፣ እኔ በእርስዎ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ካቻቢቴ ይዤ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከፍቼ የማላየው ነገር የኔ አይመስለኝም። በዚህ ዘመን ግን የሚሸጡልን ዕቃ ሁሉ ግማሹ ከሻጩ ጋር ይቀራል። ሆቴላችን እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የቡና ማሽን አለ፤ የራሱ ኩባንያ ካሸገው ቡና በስተቀር ሌላ ቢሰጡት ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። የቡና አገር ልጅ ሆኜ በየጠዋቱ እሱን ስወለውል እስቃለሁ። ስልኬ ተሰብሮ ስክሪኑን ራሴ ስቀይርለት ደግሞ ይህ ስክሪን የማውቀው አይደለም የሚል ጽሑፍ እያወጣ ይነዘንዘኛል፣ እንደ አማት። ገንዘቡ የኔ፣ ስልኩ የኔ፣ ጣቴ የኔ፤ ኩባንያው ምን አገባው? መንግሥት መጥቶ ያስጥለኝ እያልኩ አይደለም። መንግሥትም ኩባንያም ከደጄ ላይ ዞር ይበሉልኝ ነው የምለው።

ሰው ሁሉ እንደኔ ይሁንም አልልም። አልታየች እንዲህ ከተቆለፉት ስልኮች በጣም ውዱን ገዝታለች፤ ያማረ ነው፣ ትወደዋለች፣ ውስጡን ማየት አያምራትም። ስንቱ ሰው ለቤቷ ብትልክበት ምን ነበረበት እያለ ያማታል። እኔ ግን ስለ እሷ ስልክ ከሰው ጋር ተጣልቻለሁ። ላቧን ጠብ አድርጋ ባገኘችው የወደደችውን መግዛት መብቷ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ኦልድ ኤርፖርት በሚባለው የዶሃ ሰፈር ሰላሐዲን የሚባል የደሴ ልጅ አለ፤ በአንድ ጠባብ ሱቅ ስልክ ይጠግናል። ስነግረው ዕቃውን አገላብጦ አየና ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ገመድ አለኝ አለ። ሶፍትዌሩንም ቁልፉን የሰበረ ሰው ኢንተርኔት ላይ ለቆት ኖሮ አወረደው። ሁለታችንም ሐኪም አይደለንምና የእርስዎን ውጤት እያየን የሞላነውን ሁሉ ፎቶ አንስቼ ለጽጌረዳ ላክሁ፤ እሷም ሐዋሳ ለመረመረዎት ባለሙያ አሳየችው። እሱም ትክክል ነው፣ ግን ድምፁን ለጊዜው ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ አለ፤ ዝቅ አደረግን። ሰላሐዲን ገመዱን ነቅሎ ዕቃውን መዳፌ ላይ አኖረና «ኸላስ፣ አለቀ፣ አሁን የአባትሽ ሆነ» አለኝ። አባባ፣ የዚያን ቀን ደስታዬን እዚህ ወረቀት ላይ አልችለውም።

ደስታዬ ግን አፌን አስከፈተኝ። ዓርብ ኅብረታችን ሲሰበሰብ ምስክርነት ያለው ሰው ይውጣ ሲባል ብድግ ብዬ ወጣሁ። ጌታ የአባቴን ጆሮ ሊከፍት የተዘጋውን ቁልፍ ከፈተ አልኩ፤ ሃሌሉያው ጣራ ነካ። መሪያችን ወንድም ፈቃዱ፣ ለአንድ ቤተሰብ ሾፌር ሆኖ የሚሠራ ጥሩ ሰው ነው፣ እንዴት ተከፈተ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሞኟ አንድ ሳላስቀር አወራሁ። ሃሌሉያው ቀጥ አለ። ወንድም ፈቃዱ ተነሥቶ፣ እኅታችን ያላወቀችው ነገር አለ፣ የተሰበረ ሶፍትዌር ስርቆት ነው፣ «አትስረቅ» የሚለው ቃል ለኮምፒውተርም ነው አለ። እኔም ዝም አላልኩም። ወንድሜ፣ አሁን ግድግዳው ላይ አብርተን የዘመርነውን መዝሙር ግጥሙን ማን ፈቅዶልን ነው ከኢንተርኔት የገለበጥነው ብዬ ጠየቅሁት። እሱ ለአምልኮ ነው አለ። አባቴም የሚሰማው ስብከት ነው፣ ዳንኪራ አይደለም አልኩት። ሰው ሲያጉረመርም ያላ፣ በሉ እንጸልይ ብሎ ዘጋው። በዚያው ቀን፣ ቁጥሯ ነበረውና፣ ለጽጌረዳ ደውሎ ነግሯት፣ እሷም ለእርስዎ ወረቀት ላይ ጽፋ አሳይታ፣ መልስዎ ደረሰኝ። «የተሰረቀ ነገር ጆሮዬ ውስጥ አይገባም» ብለዋል አሉ።

እንግዲህ አባባ፣ ከይቅርታ ጋር ልከራከርዎት ነው። ስርቆት የማውቀው አንዱ ሲያገኝ ሌላው ሲያጣ ነው። በሬዎን የወሰደ ሰው በረትዎን ባዶ ያስቀርብዎታል። እኔ ያስተካከልኩት መስሚያ ከማን በረት ወጣ? ኩባንያው ዋጋውን ከሟቹ እጅ ተቀብሏል፤ ሶፍትዌሩም እንዳለ እዚያው ቁጭ ብሏል። እኔ ለገዛ ቤቴ ቁልፍ ባስቀርጽ ሌባ ነሽ ይሉኛል? ሶፍትዌሩን የጻፉት ልጆች እንጀራቸው ነው ቢሉኝ፣ ይብሉ፣ ልክፈል ብዬ ነበር፤ አንቀበልም ያሉት እነርሱ ናቸው።

ደግሞስ ይህን ማን አስተማረኝ? እማዬ ነግራኛለች። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ ሰው በየጓዳው ሲጸልይ፣ እርስዎ ሱቁ ውስጥ ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን አስቀምጠው መዝሙር ይቀዱ ነበር። ላዩ ላይ የዘፈን ስም ጽፈው በዳቦ ከረጢት ይልኩት ነበር። ቀበሌ አስረው የተከለከለ ነገር አባዛህ ብለው ሲገርፉዎት እንኳ ካሴቱን ለማን ለማን እንደሰጡ አልተናገሩም። ያን ጊዜ ሕግ አልነበረም? ነበረ እንጂ። ዘማሪዎቹንስ አስፈቅደው ነበር? ያ ካሴት በሰው እጅ ባይባዛ ኖሮ ግማሹ መዝሙር ዛሬ አይኖርም ነበር፤ ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

መልስዎንም አውቀዋለሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ አንዲት ዘማሪ ልጇን አዝላ ሱቁ ድረስ መጥታ፣ ጋሼ እኔም የምበላው ከዚህ ነው ብላ ስትለምንዎት፣ ዕለቱኑ «መዝሙር አንቀዳም» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፉ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በዚያ ወረቀት ላይ ነው። ደንበኛው ማዶ ወዳለው ሱቅ ሲሄድብዎት ወረቀቱን አላነሡትም። በዚህ እኮራብዎታለሁ። ነገር ግን ልብ ይበሉልኝ፣ ያን ቀን ፖሊስ አልመጣም፣ ቴፕዎን የቆለፈ የለም፤ ሰው ለሰው ተናገረ፣ እርስዎም ወድደው ተዉ። እኔም የምወዳቸውን ዘማሪዎች መዝሙር ማንም ሳያስገድደኝ ከፍዬ እገዛለሁ። የዚህ ኩባንያ ባለቤት ልጁን አዝሎ ቢመጣልኝ አነጋግረው ነበር። የመጣልኝ ግን ቁልፍ ብቻ ነው።

ጽጌረዳ ነገሩን ለማብረድ ብላ፣ ሌላ ከሱቅ ገዝቻለሁ በያቸውና ይኸንኑ ላኪ፣ በምን ያውቃሉ አለችኝ። እምቢ አልኳት። ቁልፉን የሰበርኩት ለእርስዎ ብዬ ነው፤ እርስዎን አታልዬ ጆሮዎ ውስጥ ከማስገባው ባሕር ብጥለው ይሻለኛል። ስለዚህ ያው ራሱ መስሚያ ነው የመጣልዎት፣ ከነታሪኩ። ይህን ደብዳቤ የያዘው መርሻ፣ እዚያው ሶዶ ያደገው የጥበቃ ሠራተኛ፣ ለእረፍት ሲመጣ ሳጥኗን በእጅዎ ይሰጥዎታል። ባትሪዎቹ የሰዓት ባትሪ ያህል ናቸው፤ መለዋወጫም አድርጌበታለሁ። ክዳኗ በጥፍር ትከፈታለች፤ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መጋቢት ላይ ኮንትራቴ ያልቃል። ሆቴሉ ፈርሚ ይለኛል። እኔ ደግሞ መጥቼ፣ ያንን እርስዎ የዘጉትን ሱቅ ከፍቼ፣ ሰው ከፍለህ አዲስ ግዛ የተባለበትን ዕቃ ሁሉ እየከፈትኩ ብጠግን ብዬ አስቤያለሁ። ይኸን ደውዬ ብጠይቅዎት «እሰይ፣ ይጨምርልሽ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አባባ፣ እሰይ ሰልችቶኛል። ትንሽ ሆኜ ካውያውን ስነካ፣ ማታ ውጭ ስቆይ፣ ዶሃ እሄዳለሁ ስል፣ «አይሆንም፣ ተመለሺ» የሚሉኝ አባት ነው የናፈቁኝ። እርስዎን ሳልጠይቅ መፈርምም አልፈልግም፣ መምጣትም አልፈልግም።

ጆሮው የእርስዎ ነው። ለአልታየች ስልክ የተከራከርኩት ልጅ በአባቴ ጆሮ ላይ አላዝም። ሳጥኗ ትቀመጥ ካሉ ትቀመጥ፤ መርሻም እንዳይጨቀጭቅዎት ነግሬዋለሁ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ አድርገው ይስሙኝ። መስሚያውንም እምቢ፣ ሱቁንም እምቢ፣ ሐሳቤንም ሁሉ እምቢ ይበሉኝ፤ ብቻ ሰምተው ይሁን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እደውላለሁ። ያነሡ እንደሆነ መጀመሪያ የምነግርዎት ነገር የማያስደስት ይሆናል፣ ሆን ብዬ። እሰይ ካሉኝ ሳጥኗ እንዳልተከፈተች አውቃለሁ፤ ያኔም ቢሆን ስልኩን አልዘጋውም፣ እንደ ልማዴ እየጮኽኩ አወራለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ የላከችው በርበሬ ደርሷል፣ አልታየች ጨረሰችብኝ። ጽጌረዳን ምክሯን ባልሰማም እወዳታለሁ በሉልኝ። ልጇን ናቲን ሳሙት፤ አያቱ ሳይፈቅዱ ሳጥኗን እንዳይፈታት፣ ቤተሰቡን አውቀዋለሁና። ጎረቤታችንን እትዬ ፍቅርተን፣ የጸሎት ቡድኑን ሁሉ አንድ በአንድ ሰላም በሉልኝ። ለእርስዎ ግን የስንብት ሰላምታ አልጻፍኩም፤ እሱን እሑድ በድምፄ አደርስልዎታለሁ።

ልጅዎ ቤርሳቤህ ገዛኸኝ

አል ዋክራ፣ ዶሃ
ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.